ከጦሳ ሥር ሳተላይት ስናይ፦ ሰከንዷን እንዴት እንያዛት?

[ምስል፦ ደሴ ሲመሽ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር የከተማው መብራት]

ከመግሪብ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ደሴ ጨልሟል። 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ግን ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ እንደ ደማቅ ኮከብ እያበራ ሲያልፍ የምናየው ለዚህ ነው።

በየትኛው ኮከብ አጠገብ እንዳለፈ ማየት ቀላል ነው። መቼ? እዚህ ላይ "አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ" ብሎ ነገር የለም። ጣቢያው በሰከንድ 7.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከደሴ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ያን ሁሉ ጠመዝማዛ መንገድ በሦስት ሰከንድ ገደማ ይጨርሰዋል! አናታችን ላይ ሲደርስ ደግሞ በአንድ ሰከንድ የሙሉ ጨረቃን ስፋት ሁለት እጥፍ ይሄዳል። አንድ ሰከንድ ከሳታችሁ፣ ቦታውንም ያን ያህል ሳታችሁ ማለት ነው።

[ምስል፦ በጋቢ የተጠቀለለ ሰው፣ በእጁ ስልክ]

"ስልኬ ሰዓቱን ራሱ ያስተካክላል" ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ተማምኜ የሦስት ምሽት ምልከታ አበላሽቻለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። የጂፒኤስ ሰዓት የሚያሳይ መተግበሪያ ጫኑ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች የአቶሚክ ሰዓት ተሸክመዋል። ኢንተርኔት ባይኖርም ግድ የለም፣ አብሽሩ፤ ገላጣ ሰማይ ይበቃል። አንድ ነገር ብቻ፦ የጂፒኤስ ሰዓት ከዓለም አቀፉ ሰዓት፣ ከዩቲሲ፣ 18 ሰከንድ ይቀድማል። መሣሪያው ልዩነቱን ቀንሶ ነው የሚያሳየው። አንዳንዱ ግን ገና ሲከፈት ይህ ማስተካከያ እስኪደርሰው 12 ደቂቃ ተኩል ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ክፈቱት።

ሳተላይቱን እያዩ ሰዓት ማንበብ አይቻልም። ዓይናችሁን ከሰማዩ አትንቀሉ። ሳተላይቱ ከመረጣችሁት ኮከብ ጎን ሲደርስ የሩጫ ሰዓታችሁን አስነሡ። ከዚያ ተረጋግታችሁ ወደ ጂፒኤሱ ዙሩና ደቂቃው ልክ ሲሞላ አቁሙት። የሩጫ ሰዓቱ 42.3 ሰከንድ ካለ፣ ከሞላው ደቂቃ ላይ 42.3 ቀንሱ። በቃ፣ ያዛችኋት።

[ምስል፦ ማስታወሻ ደብተር፣ በቀይ የእጅ ባትሪ ብርሃን]

የቀረው አጻጻፉ ነው። እውነቱን ለመናገር እኛ ሀበሾች ብዙ የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ምልከታ የሚመዘገበው በዩቲሲ ነው። ከምሽት አንድ ሰዓት ጀምሮ በኛ ሰዓት ላይ 15 ደምሩ፤ ምሽት 1፡30 በዩቲሲ 16፡30 ይሆናል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ግን 9 ቀንሱ፤ ምክንያቱም የዩቲሲ ቀን የሚቀየረው ልክ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። ንጋት ሲቃረብ ሳተላይት በደንብ ስለሚታይ ይህቺ ነገር ወሳኝ ናት። የሰኞን ሌሊት ስትጠብቁ አድራችሁ፣ ለማክሰኞ አጥቢያ 11 ሰዓት ላይ አንዱን አያችሁ እንበል። ደብተራችሁ ላይ የሚሰፍረው ሰኞ አይደለም፤ ማክሰኞ፣ 02፡00 ነው።