የልጅ አንገት ደጋግሞ ሲመግል፦ የጉሮሮ ሐኪሙ መልሶች

የ6 ዓመት ልጄ አንገቱ በግራ በኩል ለ3ኛ ጊዜ አበጠ። ተቀዶ መግሉ ሲወጣ ይድናል፣ ከዚያ ይመለሳል።

እህቴ፣ መግል ወጣ ማለት ዳነ ማለት አይደለም። በአንድ ቦታ፣ በተለይ በግራ፣ ሲመላለስ ከውስጥ የሚመጣ ነገር አለ ብዬ እጠረጥራለሁ። ልጁ ገና በማህፀን ሳለ መዘጋት የነበረበት ቀጭን ቱቦ ሳይዘጋ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ከጉሮሮ ግርጌ ካለ ኪስ ተነስቶ ወደ ታይሮይድ እጢ ይወርዳል። ከአፍ የሚወርድ ጀርም በዚያ ይገባና ይመግላል። ብርቅ ስለሆነ ብዙ ሐኪም አይቶት አያውቅም፤ «ፒሪፎርም ሳይነስ ፊስቱላ ይሆን?» ብለሽ ጠይቂ።

በምን ይታወቃል?

እብጠቱ ከጠፋ ከሳምንታት በኋላ ባሪየም የሚባል በራጅ ላይ የሚታይ ነጭ ፈሳሽ አስውጠን ራጅ እናነሳለን፤ ባበጠበት ሰዓት ቀዳዳው ተደፍኖ ላይታይ ይችላል። ቁርጡን የምናውቀው ግን ልጁን አስተኝተን በካሜራ ስናየው ነው።

ቀዶ ጥገና ግድ ነው?

ሁልጊዜ አይደለም። መጀመሪያ በመድኃኒት ኢንፌክሽኑን እናበርዳለን። ከዚያ በአፍ በኩል በካሜራ ገብተን ቀዳዳውን በኤሌክትሪክ፣ በሌዘር ወይም በአሲድ እንተኩሰዋለን። አንዳንዴ መድገም ያስፈልጋል። እምቢ ካለ በአንገት በኩል ቱቦው ይወጣል፣ ብዙ ጊዜ ከታይሮይዱ የተወሰነ ክፍል ጋር። የድምፅ ነርቭ እዚያው አጠገብ ነው፤ ደጋግሞ የተቀደደ አንገት ደግሞ ጠባሳ ስለሚበዛው ነርቩን መለየት ይከብደናል።

ለታናሹ ይተላለፍበታል?

አይተላለፍም።

አያቱ «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ፤ እብጠቱንም እናፍርጠው» ይላሉ።

በፍጹም! እማማ፣ ለልጁ አስበው እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን እባክዎ ይስሙኝ። እንጥል ከዚህ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ከልጅ ወደ ልጅ የሚዞር ምላጭ ኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ያስተላልፋል፣ ቴታነስም አለ፣ ደም አልቆም ብሎ የሞተ ልጅም አለ። እብጠቱንም አትጭመቁት፣ አትብጡት፣ ቅጠል አትለጥፉበት። አንገት ውስጥ ትልልቅ የደም ስሮች አሉ፣ መግሉም ወደ ደረት ሊወርድ ይችላል። ደግሞ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝታችሁ ሁለት ቀን ሰጥታችሁ እብጠቱ ሲጎድል የምታቆሙ፣ እሱም ያው ነው፤ በሽታውን ትደብቁታላችሁ እንጂ አታድኑትም። ደግሜ እላለሁ፣ መግል ወጣ ማለት ዳነ ማለት አይደለም!

የ2 ሳምንት ልጄ አንገቷ አብጧል፣ ስትተነፍስ ድምፅ ታሰማለች።

ስልኩን ዝጊና አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰጃት። እስከ ነገ አትጠብቂ።