መብራት የጠፋ ቀን የተማርነው ሂሳብ

ዳዊት፦ ጤና ይስጥልን፣ ውድ አድማጮቻችን። የዛሬው ርዕሳችን ከከተማ ዳር መኖር ነው። ሰላም ከአያት፣ እኔ ከቱሉ ዲምቱ ነው በየቀኑ የምንመላለሰው። ከመንገዱ እንጀምር ተባብለናል፤ በተለይ ከባቡሩ። አይደል ሰላም?

ሰላም፦ አዎ። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከአያት ጦር ኃይሎች ድረስ የሚወስደው መስመር ለኛ ሰፈር ትልቅ ነገር ነበር። ግን ቆይ፣ ትናንት ማታ እዚያው ባቡር ውስጥ ያየሁትን አስቀድሜ ልንገርህ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ በአንድ እጇ ብረቱን ጨብጣ፣ በሌላው የሂሳብ መጽሐፏን ከፍታ ታነባለች። ስለ ክብ የሚያወራው ምዕራፍ ነው። «ገባሽ?» አልኳት። «መምህሩ ቶሎ ቶሎ ያልፋል» አለችኝ። ዳዊት፣ ወዲያው ፕላዝማው፣ ያ የክፍላችን የትምህርት ቴሌቪዥን፣ ትዝ አለኝ!

ዳዊት፦ ፕላዝማ! እሱን ማን ይረሳዋል?

ሰላም፦ የገባው በ1997 ዓ.ም. ነው። እኔም 9ኛ ክፍል የደረስኩት በዚያው ሰሞን ነው። ቴሌቪዥኑ ከፍ ብሎ በብረት ሳጥን ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ የክፍል አለቃችን ኪስ ውስጥ ነው። አስበው፣ እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ተምረናል። 7ኛንና 8ኛን በእንግሊዝኛ እየተንገዳገድን አልፈናል። ከዚያ ደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት መጣልን። ጥያቄ ይወጣል፤ ጥቂት ጊዜ ይሰጣል፤ ቁጥሩን ገልብጠህ ሳትጨርስ መልሱ ይነገራል።

ዳዊት፦ «ጎበዞች፣ ትክክል ነው» ይላል ደግሞ፤ ከእኛ አንድም ሰው ሳይመልስ።

ሰላም፦ በትክክል! መምህራችን ደግሞ አጠገባችን ቆመዋል። ከስርጭቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ፣ ከስርጭቱ በኋላ ጥቂት ደቂቃ፣ በቃ። ሂሳቡን የሚያውቅ፣ እኛንም የሚያውቅ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ይውል ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ዳዊት፦ እዚህ ላይ ግን አልስማማም። እኔ የተማርኩት ወሎ ውስጥ፣ ትንሽ ከተማ ነው። ቤተ ሙከራ የሚባል ክፍል ነበረን፤ ውስጡ ግን የተሰበረ ወንበር ነው ያለው። ሊትመስ ወረቀት አሲድ ውስጥ ሲነከር ቀይ ሲሆን መጀመሪያ ያየሁት በፕላዝማ ነው። አዲስ አበባ ያለው ተማሪ የሚያየውን በዚያችው ደቂቃ እኔም አያለሁ። ይህን እንደ ቀላል አትይው።

ሰላም፦ ቀላል አላልኩም። ግን መብራት ከጠፋስ? ትምህርቱ ለአገሩ ሁሉ በአንድ ሰዓት ስለሚተላለፍ ማንም አይጠብቅህም። መብራቱ ሲመለስ ሌላ ትምህርት ላይ ነው።

ዳዊት፦ እሱስ እውነት ነው። ባቡሩ ግን…

ሰላም፦ እመጣበታለሁ። አንድ ቀን ነው፤ የሂሳብ ክፍለ ጊዜ ሊጀመር ሲል መብራት ጠፋ። ክፍሉ በሙሉ በደስታ ጮኸ። መምህራችን ዝም ብለው ቆዩና «ተነሱ፣ ውጡ» አሉን። ከባንዲራው ምሰሶ ጎን፣ ሣሩ ያለቀበት መሬት ላይ ወሰዱን። ችካል ተከሉ። ሲባጎ አሰሩበት። በሌላው ጫፍ ሚስማር ቋጥረው መሬቱን እየጫሩ ዞሩ። ያ ዝምተኛ ሰው ጎንበስ ብለው ሲዞሩ፣ ኮታቸው አቧራ ሲለብስ አሁንም ይታየኛል። ክቡ ወጣ። መሃሉን ሰንጥቆ የሚያልፍ መስመር አሰመሩና በሁለቱ ጫፍ ሁለት ወንዶች ልጆች አቆሙ። እኔን የክቡ ጠርዝ ላይ።

ዳዊት፦ ለምን አንቺን?

ሰላም፦ ከፊት ስለነበርኩ ነው። ሌላ ረጅም ሲባጎ ከአንደኛው ልጅ ወደ እኔ ጣት፣ ከእኔ ጣት ወደ ሌላኛው ልጅ ተዘረጋ። «በጠርዙ ላይ ተራመጂ» አሉኝ። እኔ ስራመድ አንዱ ሲባጎውን ይለቃል፣ ሌላው ይስባል። በየሦስት እርምጃው ያስቆሙኝና የመጽሐፋቸውን ጥግ ጣቴ ሥር ያስገባሉ። ልክክ! እንደገና ሦስት እርምጃ። ልክክ! የትም ብቆም 90 ዲግሪ። ክቡን ግማሽ እስክጨርስ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ዳዊት፦ እንዴት ሊሆን ቻለ ታዲያ?

ሰላም፦ እሱ ነው ዋናው! ከችካሉ እስከ እኔ ሌላ መስመር አሰመሩ። ያን ጊዜ ሁለት ጎነ ሦስት ሆነ። ከችካሉ ወደ እኔ፣ ከችካሉ ወደ ልጆቹ ያለው ርቀት ሁሉ ሬዲየስ ነው፤ እኩል ነው። ሁለት ጎኑ እኩል የሆነ ጎነ ሦስት ደግሞ ከእነሱ ትይዩ ያሉት ሁለት ማዕዘኖቹም እኩል ናቸው። ስለዚህ በአንደኛው ልጅ እግር ሥር ያለውን ማዕዘን የሚያህል እኔ ጋር አለ፤ በሁለተኛው ልጅ ያለውንም የሚያህል እኔ ጋር አለ። የኔ ማዕዘን የሁለቱ ልጆች ማዕዘኖች ድምር ነው ማለት ነው። ሦስታችን የትልቁ ጎነ ሦስት ማዕዘኖች ስለሆንን አንድ ላይ 180 ነን። እኔ ብቻዬን ግማሹን ይዣለሁ። 90!

ዳዊት፦ ሰላም፣ እኔ ይህን ሸምድጄ ነው ፈተና ያለፍኩት። አሁን ገና ገባኝ።

ሰላም፦ አየህ? ፕላዝማው ቢሠራ ኖሮ እኔም እሸመድደው ነበር።

ዳዊት፦ ቢሆንም የኔ ሊትመስ…

ሰላም፦ ለኬሚስትሪው እቀበልሃለሁ። ለሂሳቡ አልቀበልም።

ዳዊት፦ እኛ ጋር እኮ የፊዚክስ መምህር ያልነበረበት ዓመት አለ። መብራት ቢጠፋ ማን ወደ ሜዳ ያወጣናል?

ሰላም፦ እሱን… አዎ፣ እሱን መመለስ አልችልም።

ዳዊት፦ እንግዲህ ወደ ርዕሳችን። ከከተማ ዳር መኖር።

ሰላም፦ ርዕሱ ላይ እኮ ነኝ። ወደ ኮንዶሚኒየም ስገባ የፈራሁት ብቸኝነትን ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ጠዋት በጨለማ ይወጣል፤ ማታ በጨለማ ይገባል። ልጆቹ ግን ደረጃው ላይ ናቸው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የጋራ መገልገያው ወለል ላይ በጠመኔ ክብ እንሥላለን። አንድ ጥግ ላይ እንጀራ ይጋገራል፣ ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል፣ እኛ ሲባጎ ይዘን እንዞራለን። ባለፈው ሳምንት አንድ የ5ኛ ክፍል ልጅ ጠርዙን ትቶ ወደ ክቡ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባና «አሁን እኮ ጥጉ ሰፋ» አለኝ። ማንም አልነገረውም!

ዳዊት፦ ራሱ አገኘው?

ሰላም፦ ራሱ! ከዚያ ወደ ውጭ ወጣና «አሁን ጠበበ» አለ። ባቡሩን፣ ታክሲውን፣ ሰልፉን ሁሉ ያስረሳኛል፣ እውነቴን ነው የምልህ።

ዳዊት፦ ባቡሩ ለሚቀጥለው ሳምንት ይደር እንግዲህ። ቅዳሜ እኔም ልምጣ?

ሰላም፦ ና፣ ሲባጎውን የሚይዝ ሰው ያንሰኛል። ጠዋት ሦስት ሰዓት። ጠመኔ አልቆብናል፣ ይዘህ ና።