መልስ ያልመጣለት ጥያቄ፦ የክላውድ አገልግሎቶችን ከክፍያ ሥርዓት ጋር ማገናኘት

[በስክሪኑ ላይ፦ «ይክፈሉ» የሚል ቁልፍ፤ ቀጥሎ የሚሽከረከር የመጠበቂያ ምልክት]

አንዲት መንገደኛ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር የምትሄድበትን የአውቶቡስ ትኬት በስልኳ እየገዛች ነው እንበል። «ይክፈሉ» የሚለውን ተጫነች። የእናንተ ሰርቨር ጥያቄውን ለክፍያ አገልግሎቱ ላከ። አምስት ሰከንድ አለፈ፣ አሥር አለፈ፣ ሠላሳ ሞላ፤ መልስ የለም። ፕሮግራማችሁ አሁን ምን ብሎ ይመዝግብ? ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም?

ብዙ ኮድ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ «ክፍያው አልተሳካም፤ እንደገና ይሞክሩ» ይላል። መንገደኛዋም ታምነውና ደግማ ትጫናለች። አንድ ወንበር ለመያዝ ሁለት ጊዜ ልትከፍል ትችላለች ማለት ነው።

መልስ ሲጠፋ ከሦስት ነገሮች አንዱ ሆኗል። ጥያቄው መንገድ ላይ ቀርቶ ከክፍያ አገልግሎቱ ጨርሶ አልደረሰ ይሆናል። ደርሶ ሥራው መሀል ላይ ተቋርጦ ይሆናል። ወይም ደርሶ፣ ገንዘቡም ከመንገደኛዋ ሒሳብ ተቀንሶ፣ የጠፋው «ተሳክቷል» የሚለው መልስ ብቻ ይሆናል። ከእናንተ ሰርቨር ሆኖ ለሚያይ ሦስቱም አንድ መልክ አላቸው። የላካችሁት የቁራ መልእክተኛ ሆኖ ሲቀር፣ የቀረው መልእክቱን ሳያደርስ ይሁን አድርሶ፣ በር ላይ ቆሞ በመጠበቅ አይታወቅም።

ስለዚህ በመረጃ ቋታችሁ ውስጥ «ተከፍሏል» እና «አልተከፈለም» ብቻ አይበቁም። «ገና አልታወቀም» የሚል ሦስተኛ ሁኔታ ያስፈልጋል። የዛሬው ቪዲዮ በሙሉ ይህን ሦስተኛ ሁኔታ እንዴት በትክክል እንደምንይዘው የሚያሳይ ነው።

[በስክሪኑ ላይ፦ አንድ ኮምፒውተር፤ ከዚያ በመስመር የተያያዙ ብዙ ኮምፒውተሮች]

ፕሮግራሙ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ይህ ጣጣ አይኖርም ነበር። አንድ ፈንክሽን ሌላውን ሲጠራ ወይ ውጤት ይመለሳል ወይ ስህተት ይነሳል። አማዞን እ.ኤ.አ. በማርች 2006 ኤስ3 የተባለውን የፋይል ማከማቻ፣ በዚያው ዓመት ኦገስት ደግሞ ኢሲ2 የተባለውን የኪራይ ሰርቨር ለሕዝብ ካቀረበ ወዲህ ግን ሶፍትዌር ክላውድ ከሚባሉት፣ በኢንተርኔት ከሚከራዩ የሌሎች ሰዎች አገልግሎቶች ተገጣጥሞ የሚሠራ ነገር እየሆነ መጥቷል። የትኬት መሸጫችን ፋይሎቹን አንድ ጋ፣ መረጃውን ሌላ ጋ ያስቀምጣል፤ አጭር መልእክት የሚልክለትም ክፍያ የሚቀበልለትም የተለያዩ ናቸው። በየመካከላቸው ኔትወርክ አለ። ሰን ማይክሮሲስተምስ በተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፒተር ዶይች እ.ኤ.አ. በ1994 ፕሮግራመሮች በየዋህነት የሚያምኗቸውን የተሳሳቱ ግምቶች ሲዘረዝር፣ ኔትወርክ አስተማማኝ ነው የሚለውን ያስቀደመው ያለ ምክንያት አይደለም።

ርቀቱም ራሱ ዋጋ አለው። የአማዞን የመጀመሪያው የአፍሪካ የዳታ ማዕከል ቀጣና እ.ኤ.አ. በ2020 የተከፈተው ኬፕ ታውን ውስጥ ነው። ከአዲስ አበባ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ፣ ገመዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ ደርሶ መልስ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች አይሆንም። አንድ ገጽ ለመክፈት 20 ጥያቄ ተራ በተራ የምትልኩ ከሆነ ብቻውን አንድ ሰከንድ ሄደ።

«ትላልቆቹ ኩባንያዎች አይወድቁም» የሚል ሰው ካለ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017 የሆነውን ይይ። አንድ የኤስ3 ባለሙያ ጥቂት ሰርቨሮችን ከሥራ ለማስወጣት ትእዛዝ ሲሰጥ ከግቤቶቹ አንዱ ተሳሳተና ከታሰበው እጅግ የበዙ ሰርቨሮች ወጡ። በሰሜን ቨርጂኒያ ያለው ኤስ3 ለአራት ሰዓታት ያህል ታወከ፤ በእርሱ ላይ የተመሠረቱ ብዙ ድረ ገጾችም አብረው ቆሙ። የአማዞን የአገልግሎት ሁኔታ ማሳያ ገጽ ራሱ በኤስ3 ላይ የተደገፈ ስለነበር፣ መጀመሪያ ላይ ችግሩን በትክክል ማሳየት አልቻለም። መውደቁን የሚነግራችሁ ነገር ከወደቀው ጋር እንዳይታሰር ተጠንቀቁ።

[በስክሪኑ ላይ፦ አንድ የግብይት ቁጥር፤ ሁለት ጥያቄዎች ወደ አንድ ቁጥር ሲያመለክቱ]

ወደ መንገደኛችን እንመለስ። መፍትሔው የሚጀምረው ጥያቄው ከመላኩ በፊት ነው። መንገደኛዋ ወንበሩን እንደመረጠች ሰርቨራችሁ ለዚያ ግዢ የማይደገም መለያ ቁጥር፣ ማለትም የግብይት መለያ፣ ይፍጠር፤ «ገና አልታወቀም» ከሚለው ሁኔታ ጋር በመረጃ ቋቱ ውስጥ ያስቀምጠው፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ክፍያውን ይጠይቅ። ቅደም ተከተሉን የምትገለብጡ ከሆነ ሰርቨሩ መሀል ላይ ቢጠፋ የተላከው ጥያቄ ምንም ዱካ አይኖረውም።

ይህ ቁጥር ከክፍያ ጥያቄው ጋር አብሮ ይሄዳል። ስትራይፕን በመሳሰሉ የክፍያ አገልግሎቶች ዘንድ አይደምፖተንሲ ቁልፍ ይባላል፤ ያው ቁልፍ ደግሞ ከመጣ አገልግሎቱ አዲስ ክፍያ አይፈጽምም፣ የመጀመሪያውን ውጤት ይመልሳል። ስትራይፕ ቁልፎቹን ቢያንስ ለ24 ሰዓታት ያቆያል። በአገራችን እንደ ቻፓ ያሉ የክፍያ አገናኞችም የግብይት መለያውን የሚያዘጋጀው ሻጩ ራሱ እንዲሆን አድርገዋል፤ በዚያው መለያ ክፍያው መፈጸም አለመፈጸሙን መጠየቂያ መንገድም አላቸው። እንግዲህ መልስ ሲጠፋ የምታደርጉት ይህ ነው፦ አዲስ ክፍያ አትጀምሩ፤ ስለ አሮጌው ጠይቁ። ለመንገደኛዋም «ክፍያዎን እያረጋገጥን ነው፤ እባክዎ ደግመው አይክፈሉ» በሏት። እውነቱም ይኸው ነው።

መልሶ መጠየቅ ሥርዓት ይፈልጋል። ሺህ ሰርቨሮች በየሰከንዱ ከጠየቁ፣ ሊያገግም የሚሞክረውን አገልግሎት መልሰው ይጥሉታል። መጀመሪያ ከአንድ ሰከንድ በኋላ፣ ቀጥሎ ከሁለት፣ ከአራት፣ ከስምንት በኋላ ሞክሩ፤ በእያንዳንዱ ላይም ሁሉም በአንድ ቅጽበት እንዳይነሱ ጥቂት የዘፈቀደ ልዩነት ጨምሩ። አገልግሎቱ 503 («ለጊዜው አልቻልኩም») ወይም 429 («ጥያቄ በዛብኝ») የሚል የመልስ ቁጥር ሲልክ መጠበቅ ያዋጣል። 400 («ጥያቄው የተበላሸ ነው») ወይም 401 («ማንነትህ አልተረጋገጠም») ከመጣ ግን ጥያቄው ራሱ ስህተት አለበትና አንድ ሚሊዮን ጊዜ ብትልኩት አይቃናም።

[በስክሪኑ ላይ፦ ከክፍያ አገልግሎቱ ወደ ሰርቨራችሁ የሚመጣ ቀስት]

ሌላው አቅጣጫ ዌብሁክ ነው፤ ክፍያው ሲጠናቀቅ አገልግሎቱ በራሱ ተነሳሽነት ወደ እናንተ አድራሻ የሚልከው ማስታወቂያ። አድራሻው ለኢንተርኔት ክፍት ስለሆነ ማንም ሰው «ተከፍሏል» የሚል የሐሰት መልእክት ሊልክበት ይችላል። ስለዚህ ላኪው በምስጢር ቁልፍ ይፈርምበታል፤ እናንተም ፊርማውን አስልታችሁ ታመሳክራላችሁ። እዚህ ላይ አማርኛ ለሚያስተናግድ ሥርዓት የተለየ ወጥመድ አለ፤ ረጋ ብለን እንየው።

ፊርማው የሚሰላው በባይቶቹ፣ ማለትም ኮምፒውተር ጽሑፉን በሚያስቀምጥባቸው ቁጥሮች ላይ ነው። ፊደላትን ወደ ባይት በሚለውጠው ዩቲኤፍ-8 በተባለው ሥርዓት እያንዳንዱ የፊደል ገበታችን ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፤ «አበበ» የሚለው ስም ዘጠኝ ባይት ነው። አሁን የመጣውን ጄሶን (መልእክቱ የተጻፈበትን የመረጃ ቅርጽ) መጀመሪያ ፕሮግራሙ ወደሚጠቀምበት ኦብጀክት ቀይራችሁ፣ ከዚያ መልሳችሁ ወደ ጽሑፍ ብትለውጡት፣ ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጄሶን ላይብረሪ ካልከለከላችሁት በቀር እያንዳንዱን የአማርኛ ፊደል ስድስት ምልክት ባለው ኮድ ይተካዋል። ዘጠኙ ባይት 18 ሆነ፤ ፊርማውም አልገጠመም። የሚያስቸግረው በእንግሊዝኛ ስም ስትሞክሩት ሊሠራ መቻሉ ነው፤ እውነተኛ ደንበኛ ስሙን በአማርኛ የጻፈ ዕለት ብቻ ይሰበራል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ምንም ሳትነኩ፣ እንደመጣ ባለው ጥሬ ባይት ላይ ፊርማውን አረጋግጡ፤ ከዚያ በኋላ ጄሶኑን ክፈቱ።

ስምን ስናነሳ፣ ክፍያን ከገዢ ጋር በስም አታዛምዱ። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለአንባቢ አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። የግብይት መለያውን ተጠቀሙ። የብር መጠንንም በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር አስቀምጡ።

ዌብሁኩ ሲደርስ ፊርማውን አረጋግጡ፣ መልእክቱን ወረፋ (ሥራዎች ተራ የሚጠብቁበት ማከማቻ) ውስጥ አስገቡ፣ ወዲያው 200 የሚለውን «ደርሶኛል» ማለት የሆነ የመልስ ቁጥር ላኩ። ትኬቱን ማተም፣ አጭር መልእክት መላክ፣ ሒሳብ መመዝገብ ከዚያ በኋላ ይሁን። እነዚህን ሁሉ ጨርሳችሁ ልትመልሱ ብትሞክሩ ላኪው መጠበቁ ይሰለቸውና እንዳልደረሰ ቆጥሮ ደግሞ ይልካል። አሁን እናንተ ራሳችሁ መልሱ የጠፋ አገልግሎት ሆናችኋል።

ወረፋውም ቢሆን አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚያደርስ አታስቡ። ኤስኪውኤስ የተባለው የአማዞን ወረፋ በመደበኛው ዓይነቱ ቃል የሚገባው ቢያንስ አንድ ጊዜ ለማድረስ ነው። አንድ ሠራተኛ ፕሮግራም መልእክት ሲያነሳ፣ ጊዜውን ካልቀየራችሁት በቀር መልእክቱ ለ30 ሰከንድ ከሌሎች ይሰወራል፤ ሥራው 40 ሰከንድ ከፈጀ ሌላ ፕሮግራም ያንኑ መልእክት ያነሳና ሁለተኛ ትኬት ያትማል። «አስቀድሜ አለ ወይ ብዬ አያለሁ» ማለትም አይበቃም፤ ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ቢያዩ ሁለቱም «የለም» የሚል መልስ ያገኛሉ። ድግግሞሹን የሚከለክለው የመረጃ ቋቱ ራሱ ይሁን፤ በትኬት ሠንጠረዡ ውስጥ የግብይት መለያው እንዳይደገም ገደብ አድርጉበት።

[በስክሪኑ ላይ፦ ባዶ ተርሚናል]

ከመልቀቃችሁ በፊት በሙከራ አካባቢ ይህን አድርጉ። የክፍያ ጥያቄው እንደተላከ መልሱ ሳይመጣ ሰርቨሩን አጥፉና እንደገና አስነሱት። አንዱን ዌብሁክ ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ቅጽበት ላኩ። «ተከፍሏል» የሚለውን መልእክት «ተጀምሯል» ከሚለው አስቀድሙት። የገዢውን ስም በአማርኛ ጻፉ። ከዚያ የመረጃ ቋቱን ከፍታችሁ በዚያ የግብይት መለያ ስንት ትኬት እንደታተመ ቁጠሩ።