ከቁልፎቹ በስተግራ

ጤና ይስጥልኝ!

ውድ ሠልጣኞች፣ ልጆቻችሁን ለማስመረቅ የመጣችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

በስልጠናው ወቅት ብዙዎቻችሁ ከክፍል ስንወጣ አስቁማችሁ የጠየቃችሁኝ አንድ ነገር ነው፤ «የትኛውን ሚዲ ኪቦርድ ልግዛ?» ለዛሬ የተሰጠኝን ሰዓት ለዚሁ ላውለው።

አስቀድሜ ለወላጆች። ይህ ዕቃ ኦርጋን አይደለም፤ ብቻውን ድምፅ የለውም። የትኛው ቁልፍ እንደተነካ፣ በምን ያህል ኃይል እንደተነካና መቼ እንደተለቀቀ ለኮምፒውተሩ ይነግራል። ድምፁን የሚያወጣው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሶፍትዌር ነው። የሚነጋገሩበት ቋንቋ ሚዲ ይባላል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1983 አሜሪካ፣ አናሃይም በተካሄደ የሙዚቃ መሣሪያዎች ትርዒት ላይ የአሜሪካው ፕሮፌት 600 እና የጃፓኑ ሮላንድ ጁፒተር 6 የተባሉ የኤሌክትሮኒክ ኪቦርዶች በገመድ ተያይዘው አንዱ ሲነካ ሌላው ጮኸ። ተፎካካሪ ኩባንያዎች ያን ቀን በአንድ ቋንቋ መነጋገር ባይጀምሩ ኖሮ ዛሬ የአንዱን ኪቦርድ ገዝታችሁ በሌላው ሶፍትዌር አትሠሩም ነበር።

ስለ ቁልፍ ብዛት አትጨነቁ። ጠረጴዛችሁ ጠባብ ነው፤ ዕቃውን በቦርሳ ይዛችሁ ታክሲ ትጋፋላችሁ። ባለ 25 ቁልፉ ይበቃል። ቅኝቶቻችን ባለ አምስት ድምፅ ናቸው፤ ከዶ ተነስታችሁ ትዝታን ብትጫወቱ በሁለቱ ኦክታቭ (ኦክታቭ ማለት ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ነው) 11 ድምፅ ታገኛላችሁ። ክራር በስድስት ክር ስንቱን ዘፈን ተሸክሟል! ፒያኖ የለመደ እጅ ያላችሁ ግን ቁልፎቹ ትንንሽ በሆኑት ላይ ትቸገራላችሁ፤ ለእናንተ ሙሉ መጠን ቁልፍ ያለው፣ እንደ ኤም-ኦዲዮ ኦክሲጅን 25 ያለው ይሻላል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እኔ የመጀመሪያዬን ስመርጥ የቆጠርኩት ፓዶቹን፣ ማለትም ከበሮ ለመምታት በጣት የሚነኩትን አራት ማዕዘኖች ነበር። ከውጭ አገር ዘመድ አመጣልኝ፤ በደስታ እንቅልፍ አጣሁ። ከዚያ የማሲንቆ ዜማ በኪቦርዱ ስጫወት አንድ አዛውንት ማሲንቆ ተጫዋች አጠገቤ ተቀመጡ። ሰምተው ሲያበቁ ማሲንቆውን አንስተው ያንኑ ዜማ ተጫወቱልኝ። ድምፆቹ እነዚያው ናቸው። ልዩነቱ ከአንዱ ወደ ሌላው በሚሻገሩበት መንገድ ላይ ነበር፤ የእሳቸው ጣት በአንዷ ክር ላይ እየተንሸራተተ ያለቅሳል፤ የእኔ ቁልፍ ደግሞ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው እግሩን ያነሳል ይጥላል። ያን ቀን አፈርኩ። ትዝታና ባቲ እንኳ ይሁን፤ አንቺሆዬን ኦክታቩ 12 ቦታ እኩል በተከፈለበት የኪቦርድ ድምፅ ብቻ ስጫወት ዛሬም ጆሮዬ ይጎረብጠዋል።

መፍትሔው ከቁልፎቹ በስተግራ ያለው፣ ድምፅን እንደ ክር የሚስበው ፒች ቤንድ ነው። አብዛኛው ሶፍትዌር ሲከፈት ድምፁን ወደ ላይም ወደ ታችም ሁለት ግማሽ ድምፅ ብቻ እንዲስብ ሆኖ ይመጣል፤ ስፋቱን እንደ ዜማችሁ ቀይሩት። በሚዲ ይህ መሳብ 16,384 ደረጃዎች አሉት፤ ጆሮ ደረጃ መሆኑን አይለየውም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ ፒች ቤንድ በአንድ ቻናል (በአንድ የሚዲ መስመር) ላይ ያለውን ድምፅ ሁሉ አብሮ ይጎትታል። ስለዚህ የምትስቡትን ዜማ ከኮርዱ ለይታችሁ በራሱ ትራክ ቅረጹ።

እንግዲህ ስትገዙ ግራ እጃችሁን አስቀድሙ። አካይ ኤምፒኬ ሚኒ ኤምኬ 3 ላይ ያለው ፒች ቤንድ ጆይስቲክ ነው፤ ስትለቁት ፈጥኖ ወደ መሐል ይመለሳል። አርቱሪያ ሚኒላብ በጣት የሚዳሰስ መስመር አለው፤ ለእኔ ወደ ክር የሚቀርበው እሱ ነው። ኮርግ ናኖኪ 2 ላይ ግን ፒች ቤንዱ የሚጫን ቁልፍ ነው፤ ቀላልና ለቦርሳ የሚመች ቢሆንም ለማሲንቆ ዜማ አልመርጠውም። ፓድ ከበሮ ለሚመታ ጥሩ ነው፤ ችክችካን ግን በሁለት ቁልፍም መምታት ይቻላል። ደግሞ እነዚህ ሁሉ ኃይል የሚወስዱት ከዩኤስቢ ገመዱ ነው፤ መብራት ቢጠፋም የላፕቶፓችሁ ባትሪ እስካለ ትሠራላችሁ።

እዚያ ጥግ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ኪቦርዶች ሰክቻለሁ፤ ማሲንቆም አጠገባቸው አለ። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ኑና መጀመሪያ ማሲንቆውን ሳቡ፤ ከዚያ ያንኑ ዜማ በሁለቱም ላይ ሞክሩት። ወላጆችም ኑ፣ እናንተም አድምጡ።

አመሰግናለሁ።