ፕሪዝሙን ማን አነሳው?

ሦስት ቁጥሮች ልስጣችሁ። 2፣ 4፣ 6።

እነዚህ ቁጥሮች የተደረደሩበት ደንብ አለ። የእናንተ ሥራ ደንቡን ማግኘት ነው። የፈለጋችሁትን ሦስት ቁጥር ጥሩልኝ፤ እኔ «ደንቡን ይከተላል» ወይም «አይከተልም» እላለሁ። ቪዲዮውን አቁማችሁ ትንሽ አስቡበት።

8፣ 10፣ 12 አላችሁ አይደል? ይከተላል። 20፣ 22፣ 24? እሱም ይከተላል። 100፣ 102፣ 104? ይከተላል። «በቃ ገባኝ፣ ሁለት ሁለት እየጨመረ ነው!»

አይደለም። ደንቡ «ከትንሽ ወደ ትልቅ ይሂድ» ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። 1፣ 2፣ 900 ብትሉኝም ይከተላል እል ነበር። ግን ማን እንዲህ ብሎ ይጠይቃል?

ጨዋታውን እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጣው እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ዋሰን ነው። ከ29 ተሳታፊዎቹ በመጀመሪያ ግምታቸው ደንቡን ያገኙት 6 ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹ የጠየቁት ግምታቸውን የሚደግፍ ቁጥር እንጂ የሚያፈርሰውን አልነበረም።

ያውም እዚህ ላይ ማንም የሚያጣው ነገር የለም። ክብርና ስም ሲጨመርበትስ?

እ.ኤ.አ. በ1903 ሬኔ ብሎንድሎ የተባለ የተከበረ ፈረንሳዊ የፊዚክስ ሊቅ አዲስ ጨረር አገኘሁ አለ። በሚኖርባት በናንሲ ከተማ ስም «ኤን ጨረር» አለው። ጨረሩ ሲያርፍበት ደብዛዛ ብርሃን በትንሹ ይደምቃል። ይህን ለማየት ግን ጨለማ ክፍል ውስጥ ገብቶ፣ ዐይንን አለማምዶ፣ አተኩሮ መመልከት ያስፈልጋል። ብዙ ተመራማሪዎች «እኛም አየነው» አሉ። ሌሎች ደግሞ ቢሞክሩ ቢሞክሩ ምንም አጡ።

እ.ኤ.አ. በ1904 አሜሪካዊው ሮበርት ዉድ ነገሩን በዐይኑ ሊያይ ናንሲ ሄደ። ሙከራው ውስጥ ጨረሩን የሚበትን የአሉሚኒየም ፕሪዝም ነበር። ያለ እሱ ልኬቱ ትርጉም የለውም። ዉድ በጨለማው ውስጥ እጁን ሰደደና ፕሪዝሙን ቀስ ብሎ አነሳው። ከዚያ ልኬቱ ሲነበብ ዝም ብሎ አዳመጠ። ልኬቱ እንደቀድሞው ቀጠለ። ምንም አልተለወጠም!

ዉድ ያየውን «ኔቸር» መጽሔት ላይ ጻፈ። ጨረሩም አበቃለት።

ይህን ታሪክ የምወደው ብሎንድሎ አጭበርባሪ ስላልነበረ ነው። ከልቡ አይቷል። ራሳችንን እያታለልን እንደሆነ ብናውቅማ እንተወው ነበር።

ሥነ ልቦና አጥኚው ቶማስ ጊሎቪች እንዲህ ይላል። የምንፈልገው ወሬ ሲመጣ «ይህን ማመን እችላለሁ?» እንላለን፤ የማንፈልገው ሲመጣ ግን «የግድ ማመን አለብኝ?» እንላለን። ጥያቄዎቹ ይመሳሰላሉ፤ መልሳቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

ኳስ ስታዩ ራሳችሁን ታዘቡ። የእናንተ አጥቂ ሳጥን ውስጥ ሲወድቅ አንድ ድጋሚ ምስል ይበቃል፦ «አየህ፣ ነክቶታል!» የእነሱ ሲወድቅ ግን ከግራም፣ ከቀኝም፣ ከጎል ጀርባም ካልታየ አናምንም። ዐይናችን ያው ነው። የተለወጠው ማሊያው ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? «ከእንግዲህ ሚዛናዊ እሆናለሁ» ማለት ብዙም አይረዳም። እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ ፈትሿል። ተሳታፊዎቹ በሞት ቅጣት ላይ ጠንካራ አቋም የያዙ ሰዎች ነበሩ፤ ስለዚያው የተሠሩ ጥናቶችን አንብበው እንዲመዝኑ ተደረገ። «አታዳሉ» የተባሉት እንደ ወትሮው አደሉ። «ይኸው ጥናት ውጤቱ ተገልብጦ ቢሆን፣ አሠራሩን እንዲሁ ትተቹት ነበር?» ተብለው የተጠየቁት ግን በጣም ተሻሻሉ። ማሊያውን ቀያይራችሁ እዩት እንደማለት ነው።

እኔ የሚከብደኝ በሰዓቱ ማስታወሱ ነው። የሰው አድልዎማ ቶሎ ይታየኛል፤ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንደሚባለው።

ዳርዊን ለዚህ አንድ ልማድ ነበረው። ከሐሳቡ ጋር የሚጋጭ ነገር ሲያጋጥመው ወዲያው ይጽፈው ነበር፤ የሚስማማውን ያህል አእምሮው ውስጥ እንደማይቆይ ስላወቀ። እኔም ከእሱ ተምሬ ስልኬ ላይ «የማይጥሙኝ» የሚል ማስታወሻ ከፈትኩ። አንድ ወር ሆነው። እስካሁን ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለበት። ወይ በወር ሁለቴ ብቻ ነው የምሳሳተው፣ ወይ...


ፕሪዝሙን ያነሳብኝ የለም።