ማልያው ለምን አይታጠብም?

ማልያዬ አይታጠብም። ማለቴ፣ አይታጠብም ነበር። ቡድኔ አምስት ጨዋታ በተከታታይ ሲያሸንፍ ለብሼው የነበረውን ማልያ ማን ደፍሮ ውኃ ያስነካዋል? አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ሳትነግረኝ አጥባ ገመድ ላይ አሰጣችው። ከጠርዙ ውኃው ጠብ ጠብ ሲል ቆሜ አየሁት፤ አምስቱ ድል አብሮ እየተንጠባጠበ መሰለኝ። በዚያው ዕለት ሁለት ለባዶ ተሸነፍን። ሦስት ቀን አኮረፍኳት። ሳሙና ግብ እንደማያስቆጥር አውቃለሁ እኮ! አውቃለሁ፤ ግን አኮረፍኩ።

እንኳን ደህና መጣችሁ። የዛሬው ጥያቄያችን፦ ደጋፊነት ሃይማኖት ነው ወይ?

እስቲ ቁጠሩልኝ። የታወቀ ቀን አለው። የታወቀ ቦታ አለው። ልብሱ አለ፣ ቀለሙ አለ፣ በአንድ ድምፅ የሚዜም ዜማ አለ። ቅዱሳን አሉት፤ ጫማቸውን የሰቀሉ ተጫዋቾች። ከሃዲ አለው፤ ወደ ተቀናቃኙ ቡድን የተዛወረ አጥቂ። ተስፋም አለው፤ «በሚቀጥለው ዓመት» የሚባል። ይህ ተስፋ ለአንዳንዶቻችን ሃያ ዓመት ሞልቶታል። ስም አልጠራም።

ቀልድ ከመሰላችሁ ወደ አርጀንቲና፣ ወደ ሮዛሪዮ ከተማ እንሂድ። በ1998 ደጋፊዎች «የማራዶና ቤተ ክርስቲያን» መሠረቱ። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ ባለፈው ጊዜ ሳልናገር ቀርቼ አሳራችሁን አይታችኋል።) ዘመን የሚቆጥሩት ማራዶና ከተወለደበት ከ1960 ነው። የልደት በዓላቸው ኦክቶበር 30 ነው። ትእዛዛትም አሏቸው፤ አሥር ናቸው፣ የማራዶና ማልያ ላይ እንዳለው ቁጥር። አንዱ ለልጅህ ዲዬጎ የሚል ስም ስጥ ይላል። በስፓኒሽ አምላክ «ዲዮስ» ይባላል፤ እነርሱ ቃሉ መሐል ላይ 10 ቁጥርን ሰክተው ይጽፉታል። እኔ በአንድ ማልያ ባኮርፍ ምን ይገርማል?

ግን ሁሉም ነገር አያስቅም። 532 ዓ.ም.፣ ቁስጥንጥንያ፣ የዛሬዋ ኢስታንቡል። ስፖርቱ የሠረገላ እሽቅድምድም፣ ቡድኖቹ ሰማያዊና አረንጓዴ። ከሁከት በኋላ ሞት ከተፈረደባቸው ደጋፊዎች ሁለቱ መስቀያው ተሰብሮ ተረፉ፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ አረንጓዴ። «ማሯቸው!» ተባለ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ዩስቲኒያን እምቢ አለ። ያኔ ለዘመናት ሲፋለጡ የኖሩት ሁለቱ ቡድኖች አንድ ላይ ተነሡ። መፈክራቸው ምን ነበር? «ኒካ!» አሸንፍ! ለሠረገላ ነጂው የሚጮኹት ጩኸት ራሱ። ከተማዋ ነደደች፤ የቀድሞዋ ሐጊያ ሶፊያ ቤተ ክርስቲያንም አብራ ነደደች። ዛሬ ኢስታንቡል ላይ ቆማ የምናያት ከዚያ በኋላ የታነጸችው ናት። መጨረሻ ላይ ወታደሮች እሽቅድምድሙ ሜዳ ውስጥ ገቡ፤ የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒየስ ሟቾቹን ከ30,000 በላይ ያደርሳቸዋል። በሜዳው። በመቀመጫው። ቡድናቸውን ይደግፉበት በነበረው ቦታ።

ወደ ሳይንሱ፤ ቶሎ እንለፈው። ማኅበረሰብን ያጠና የነበረው ፈረንሳዊ ምሁር ኤሚል ዱርኬም በ1912 እንዲህ አለ፦ ሰዎች ተሰብስበው አንድ ነገር አብረው ሲያደርጉ ከእያንዳንዳቸው የሚበልጥ ግለት ይፈጠራል፤ ያንን ግለት ለምልክታቸው ይሰጡታል፣ ምልክቱም ይቀደሳል። ጨርቁ ማልያ የሚሆነው እንዲህ ነው። ቻልዲኒ የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1976 የአሜሪካ ተማሪዎችን አጥንተው፣ ቡድናቸው ሲያሸንፍ «አሸነፍን» የማለት ዝንባሌያቸው እንደሚጨምር አሳዩ። ሲሸነፍስ? «ተሸነፉ»። እኔ ቅድም «ተሸነፍን» ማለቴን ልብ በሉልኝ፤ ታማኝ ሰው ነኝ።

አሁን ልሄድ የነበረው ሌላ ቦታ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ እጄን ይዞ አስቀረኝ። ብዙዎቻችሁ «በሳምንት ስንት ሰዓት ማየት ነው ጤናማው?» ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። አንዱማ ሰንጠረዥ ሠርቶ ልኮልኛል፤ በቀለም የተለየ። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ፤ ግን የተሳሳተ ነገር ነው የለካኸው።

ሰዓቱ አይደለም። ደግሜ ልበለው፣ ሰዓቱ አይደለም። የካናዳው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮበርት ቫለራንድና ባልደረቦቹ በ2003 ፍቅርን ለሁለት ከፈሉት፦ ከቀረው ሕይወትህ ጋር ተስማምቶ የሚኖር ፍቅርና ጠፍሮ የያዘህ ፍቅር። አንዱ ሰው አራት ጨዋታ አይቶ ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ከልጁ ጋር ይጫወታል። ሌላው አንድ ጨዋታ አይቶ እስከ ሐሙስ ድረስ ሰላምታ አይመልስም። በሰንጠረዡ የሚወድቀው የመጀመሪያው ነው!

አንድ ጨዋታ ዘጠና ደቂቃ ነው፣ አይደል? በ2006 የዓለም ዋንጫ ሙኒክና አካባቢዋ ያሉ ሐኪሞች መዝግበው ነበር። ጀርመን በተጫወተችባቸው ቀናት የድንገተኛ ልብ ሕመም ከወትሮው 2.66 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ዘጠና ደቂቃ በየትኛው ሰንጠረዥ ላይ ነው «ከመጠን በላይ» የሚባለው?

እኔ ራሴን የምፈትነው በአንድ ነገር ነው፦ ጨዋታው እየተካሄደ ስልክ ቢደወል፣ ደዋዩን እጠላዋለሁ ወይ? እናቴ ብትሆንስ? (መልሱን አልናገርም፤ ይህን ቪዲዮ ታየዋለች። እማዬ፣ ቻናሉን ሰብስክራይብ ማድረግ እንዳትረሺ፤ እናንተም እንደዚያው።)

ማልያው አሁን ይታጠባል። ባለፈው ቅዳሜ በገዛ እጄ አጥቤ አሰጣሁት፤ ባለቤቴ በመስኮት እያየች ስትስቅ ነበር። ሦስት ለአንድ ተሸነፍን። ሳሙናውን ግን መቀየር ሳይኖርብኝ አይቀርም።