ገደሉና ጣሳው

እንደምን ዋላችሁ! ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ስለ ሃዋይ ጉዞሽ አውሪን ስትሉኝ ስለ ባሕር ዳርና ስለ አናናስ እንደማላወራ መቼም ገምታችኋል። ነርስ ነኝ፤ ለዕረፍት ሄጄም በሽታ ነው የምፈልገው። ባለቤቴ እስካሁን ይስቅብኛል።

የሄድነው ከኮሮና በፊት ነው፣ ሞሎካይ ወደምትባል ደሴት። በሰሜን በኩል ካላውፓፓ የሚባል፣ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከሰው ተለይተው እንዲኖሩ ይላኩበት የነበረ ቦታ አለ። በሦስት ጎኑ ውቅያኖስ ነው፣ በአራተኛው ገደል። የመኪና መንገድ የለውም። ያኔ የሚወረደው በትንሽ አውሮፕላን፣ በበቅሎ ወይም በእግር ነበር። እኔ ደግሞ የአበሻ ልጅ በቁልቁለት አይፈራም ብዬ በእግሬ ወረድኩ። 26 ጊዜ ይጠማዘዛል፣ ወደ 500 ሜትር ቁልቁል ነው፤ ጉልበቴ ሳምንት ሙሉ ሲወቅሰኝ ከረመ። ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይገባም። ነዋሪዎቹን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳትም ክልክል ነው።

ነገሩ የጀመረው በ1866 ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ያዙልኝ። የያኔው የሃዋይ ንጉሥ ካሜሃሜሃ 5ኛ የሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ከሌላው ይለይ የሚል ሕግ ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ፈርመው ነበር። በጥር ወር የመጀመሪያዎቹን 12 ሰዎች በመርከብ ወስደው አራገፏቸው፤ 9 ወንድና 3 ሴት። ሕጉ እስከ 1969 ቆየ። እስከዚያ ወደ 8,000 ሰው ተልኳል፣ አብዛኛው የአገሬው ተወላጅ። መድኃኒቱ እኮ ሃዋይ የገባው በ1946 ነው! ፈውስ ከመጣ በኋላ 23 ዓመት ሙሉ ሕጉን የሚያነሳው ጠፋ። ሲነሳም ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ። የት ይሂዱ?

አባ ዳሚያንን የሰማችሁ ትኖራላችሁ፤ ቤልጂጋዊ ቄስ ናቸው። በ1873 ገቡ፣ ቤት ሠሩ፣ ቁስል አጠቡ፣ የሬሳ ሣጥን ሳይቀር በእጃቸው ጠረቡ፣ በኋላ እሳቸውንም ያዛቸውና በ1889 እዚያው አረፉ። በ2009 ካቶሊኮች ቅዱስ ብለዋቸዋል። የሚገርመው፣ በዚያው በ1873 ኖርዌይ ውስጥ ሀንሰን የሚባል ሐኪም ተህዋሲያኑን በማይክሮስኮፕ አየው። አዎ፣ አዲስ አበባ የሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ አለርት ግቢ በስሙ የምርምር ተቋም ያለው ያ አርማወር ሀንሰን።

እኔን ግን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ለጠያቂ ተብሎ የተሠራ ቤት ነበራቸው። ዘመድ ባሕር አቋርጦ ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ ከማዶ በሽተኛው ይቀመጣል፣ መሃላቸው የሽቦ አጥር። ማቀፍ የለ፣ መሳም የለ። እዚያ የተወለደ ሕፃንም ከእናቱ ይወሰድ ነበር። ሃዋዮች በሽታውን «የሚለያይ በሽታ» ነው የሚሉት።

እኛስ ምን አልን? «ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል።» ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ሰው ስብሰባ ላይ ሳይቀር እየሳቀ ይተርተዋል። የተፈራው እንግዲህ ትሪው ላይ የሚዘረጋው እጅ ነው።

ያደግኩት እዚያው አለርት ያለበት ዘነበወርቅ አካባቢ ነው። እናቴ ደጇ የቆመን ሰው ባዶ እጁን አትመልስም። ለሥጋ ደዌ በሽተኞቹ ውኃ የምትሰጥበት ጣሳ ግን ለብቻው ነበር፣ ውጭ ምስማር ላይ የሚሰቀል። እኛ ልጆች ማንም ሳይነግረን አንነካውም ነበር። በሽታው አብሮ በመብላት እንደማይተላለፍ፣ አብዛኛው ሰው ከተፈጥሮው እንደሚቋቋመው፣ ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ ነፃ መድኃኒት እንደሚድን የገባኝ ነርስነት ስማር ነው። ያኔም ቢሆን ጣሳው ትዝ አላለኝም። ትዝ ያለኝ እዚያ ገደል ሥር ስለ ሽቦው ሲነግሩን ነው።

ማታ ደወልኩላትና ስለ ሽቦው ነገርኳት።

«ምን ዓይነት ጨካኞች ናቸው!» አለች።

ጣሳውን አነሳሁባት። ዝም አለች፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ ሃሎ አልኩ።

«እኔ እኮ አልከለከልኩም ልጄ፣ አጠጥቻለሁ» አለች።

እውነቷን ነው፤ አጠጥታለች።

የእኔ ይኸው ነው። ሻዩ ተቀድቷል መሰለኝ፣ የቀረውን እየጠጣን እናወራዋለን።